ዘግይቶ የደረሰ ማሽን ሌላ ማሽን ነው

በቢትኮይን ማይኒንግ ንግድ ውስጥ ከሻጩም ከገዢውም አፍ የማይጠፋ አንድ ቃል አለ፦ «ዕቃ ነው፣ ሊዘገይ ይችላል፤ ዋናው መድረሱ ነው።» ሻጩ ይህን የሚለው የተናገረው ቀን ሲያልፍበት ነው። ገዢው ደግሞ ሙሉውን ገንዘብ ከፍሎ ሲጠብቅ ራሱን ያጽናናበታል። ከዳር ቆሞ የሚያየው ሰው ፍርዱ ከዚህም ይከፋል፤ «በአቋራጭ ሊበለጽግ ያሰበ ነው፣ ይቅመሰው» ብሎ ያልፋል።

ይህ አባባል ስለ ወፍጮ ቢነገር ያስኬድ ነበር። ወፍጮ ሦስት ወር ዘግይቶ ቢመጣ በሦስቱ ወር ያልተፈጨው እህል ይቆጫል እንጂ፣ ከተተከለ ወዲያ በቀን የሚፈጨው ኩንታል አይቀንስም። የማይኒንግ ማሽን ጠባዩ የወፍጮ ሳይሆን የማዳበሪያ ነው። ሰኔ ላይ የሚፈለግ ማዳበሪያ ጥቅምት ላይ ቢደርስ ከረጢቱ ያው ነው፣ ሚዛኑም ያው ነው፤ ለገበሬው ግን ሌላ ዕቃ ሆኗል። ማዳበሪያውስ ቢያንስ ለከርሞ ይቀመጣል። ማሽኑ ከርሞ የለውም።

ምክንያቱ ያለው ቢትኮይን ራሱ በተሠራበት መንገድ ላይ ነው። ማይኒንግ ማለት ማሽኖች የስሌት እንቆቅልሽ ለመፍታት የሚሽቀዳደሙበት ሥራ ነው፤ ቀድሞ የፈታው ብሎክ የሚባል የዝውውር ጥቅል ይዘጋና በአዲስ ቢትኮይን ይሸለማል። መረቡ በአማካይ በየ10 ደቂቃው አንድ ብሎክ እንዲገኝበት ተደርጎ ተቀምሯል። በዓለም ዙሪያ የሚሠሩት ማሽኖች ሲበዙ ብሎኩ ቶሎ ቶሎ መገኘት ይጀምራል። ያኔ ሥርዓቱ በየ2,016 ብሎኩ፣ ማለትም በየሁለት ሳምንቱ ገደማ፣ ዲፊከልቲ የሚባለውን የእንቆቅልሹን ክብደት ከፍ ያደርገዋል። ሳንቲሙ አይጨምርም፤ ተካፋዩ ብቻ ይበዛል። ስለዚህ አንድ ማሽን ምንም ሳይነካው፣ መጋዘን ውስጥ እንደታሸገ ተቀምጦ፣ ድርሻው በየሁለት ሳምንቱ ይሸረፋል። በዚህ ላይ በየአራት ዓመቱ ገደማ ሽልማቱ ራሱ ለሁለት ይቆረጣል፦ እ.ኤ.አ. በ2012 ከ50 ወደ 25፣ በ2016 ወደ 12.5፣ በ2020 ወደ 6.25፣ በ2024 ወደ 3.125 ቢትኮይን ወርዷል። ማሽን የሚሸጥ ሰው ይህን አሳምሮ ያውቃል። ዋጋ ሲቆርጥም ገዢው በፊተኞቹ ወራት ያገኛል የተባለውን አስልቶ ነው። እንግዲህ የሚሸጠው ብረቱንና ቺፑን ብቻ አይደለም፤ ከብረቱ ጋር የተወሰኑ ወራትን አብሮ ይሸጣል። ወራቱን አስቀርቶ ብረቱን ብቻ ያስረከበ ሻጭ የተሸጠውን ዕቃ አስረክቧል ሊባል አይገባም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ይኸው ነው።

ክርክሩ ሐሳብ ብቻ እንዳይሆን፣ በካንሳስ ግዛት የሆነውን ማየት ይበቃል። እዚያ የነበረው በተርፍላይ ላብስ የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 አጋማሽ ላይ አንድ ዜና ይዞ ብቅ አለ፦ ለቢትኮይን ብቻ ተብሎ የተሠራ ቺፕ ያለው ማሽን። እስከዚያ ድረስ ሰው ማይኒንግ የሚሠራው በአብዛኛው በጌም መጫወቻ ግራፊክስ ካርድ ነበር። ዋጋው ከ149 ዶላር ትንሿ ማሽን እስከ 29,899 ዶላር ትልቁ መደርደሪያ ይደርስ ነበር። ትንሿ ሃላፒኞ ትባላለች፤ ከኮምፒውተር በምታገኘው ትንሽ ኃይል ብቻ የምትሠራ፣ የቡና ሲኒ ማሞቂያ የምታህል ተብላ ነው የተዋወቀችው። ክፍያው ቅድሚያ፣ ሙሉ በሙሉ። ርክክቡ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ይጀመራል ተባለ።

ኦክቶበር አለፈ፣ አዲሱ ዓመትም ገባ። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ማሽኖች ከፋብሪካ የወጡት በ2013 ኤፕሪል ገደማ ነው። በመጡም ጊዜ እንደተባሉት አልነበሩም። ሃላፒኞዋ 30 ዋት ገደማ የምትበላ፣ የራሷ የግድግዳ መሰኪያ የሚያስፈልጋት ሆና ተገኘች። ቃል ከተገባው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ መብራት ነው።

አሁን አንዱን ማሽን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። 1,299 ዶላር የሚያወጣው መካከለኛው ማሽን በሰከንድ 60 ጊጋሀሽ፣ ማለትም 60 ቢሊዮን የእንቆቅልሽ ሙከራ፣ እንዲሠራ የታሰበ ነበር። በ2013 ጃንዋሪ መጀመሪያ፣ በወቅቱ በነበረው ዲፊከልቲ ሲሰላ፣ እንዲህ ያለ ማሽን በቀን 10 ቢትኮይን ያህል ያስገኛል። በ2013 ጁን ቢሰካ፣ ያው ማሽን በቀን 2 እንኳ አይሞላም። በ2014 ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ቢሰካ 0.02 ገደማ ነው። ማሽኑ አልተሰበረም፣ አልዛገም፣ አንድ ቺፕ አልጎደለበትም። በአንድ ዓመት ውስጥ የሚያስገኘው ሳንቲም ግን ከ400 እጥፍ በላይ አነሰ። «ዋናው መድረሱ ነው» የሚል ሰው ይህን ስሌት አንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ ቢሠራው ቃሉን ለመድገም ይከብደዋል።

«የቢትኮይን ዋጋስ አልጨመረም ወይ?» የሚል ይኖራል። ጨምሯል፤ በዚያ ዓመት ከ13 ዶላር ገደማ ተነሥቶ ከ700 ዶላር በላይ ደርሷል። በዶላር ሲታሰብ እንኳ የማሽኑ የቀን ገቢ ከ130 ዶላር ወደ 16 ዶላር አካባቢ ነው የወረደው። የዋጋው መጨመር ደግሞ የሚመሰክረው ለሻጩ አይደለም። በ2012 አጋማሽ አንድ ቢትኮይን ከ6 እስከ 7 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ 1,299 ዶላር ወደ 200 ቢትኮይን ይገዛ ነበር ማለት ነው። ገዢው ማሽን ሳያዝዝ ሳንቲሙን ገዝቶ ቢያስቀምጥ ኖሮ 200 ቢትኮይን በእጁ ነበር። ማሽኑ በ2013 መባቻ ቢደርሰው ይህን በሦስት ሳምንት ያካክሰው ነበር። በ2014 መባቻ የደረሰው ሰው ግን፣ ዲፊከልቲው እዚያው ላይ ቆሞለት እንኳ፣ ከ25 ዓመት በላይ ማሽኑን ሌት ተቀን ማስኬድ ይኖርበታል።

የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2014 ኩባንያውን ሲከስ ያነሣው ነጥብ ይኸው ነበር። በክሱ መሠረት በ2013 ሴፕቴምበር ላይ ከ20,000 በላይ ገዢዎች የከፈሉበትን ማሽን አላገኙም ነበር። ካገኙትም ብዙዎቹ የደረሳቸው ማሽኑ ሊረባ ከማይችልበት ደረጃ ከወረደ በኋላ ነው። ክሱ ከዚህም አልፎ፣ ኩባንያው የደንበኞቹን ማሽን ከመላኩ በፊት ለራሱ ቢትኮይን ይቆፍርበት ነበር ይላል። ኩባንያው ክሱን ተቃወመ፤ በ2016 ፌብሩዋሪ ግን ስምምነት ላይ ተደረሰ። በኩባንያውና በአንድ ኃላፊው ላይ የተጻፈው የፍርድ ገንዘብ 38.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የመክፈል አቅም የለም ስለተባለ ግን ኩባንያው 15,000፣ ኃላፊው 4,000 ዶላር ከከፈሉ ቀሪው እንዲታገድ ተወሰነ። ከስምምነቱ አንቀጾች ሁሉ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላው ነው፦ ዕቃው ተዘጋጅቶ በ30 ቀን ውስጥ የሚላክ ካልሆነ በቀር ቅድሚያ ክፍያ መቀበል ተከለከለ።

ይህ 30 ቀን ለቢትኮይን ሲባል የተፈጠረ አይደለም። በአሜሪካ በፖስታ ታዝዞ ስለሚላክ ዕቃ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ደንብ ሻጩ በተናገረው ቀን፣ ቀን ካልተናገረም በ30 ቀን ውስጥ እንዲልክ፣ ካልቻለ የገዢውን ፈቃድ እንዲጠይቅ ወይም ገንዘቡን እንዲመልስ ያዛል። ለጫማና ለመጥበሻ የወጣ ሕግ ነው። ለጫማ 30 ቀን ብዙ ነው ከተባለ፣ በየሁለት ሳምንቱ ለሚሸረፍ ማሽን ዓመት መጠበቅ «የዘርፉ ጠባይ» የሚባልበት ምክንያት የለም።

ሻጮቹን የሚከላከሉ ሰዎች ሦስት ነገር ያነሣሉ። የመጀመሪያው ቴክኖሎጂው አዲስ ስለነበር መዘግየቱ አይቀሬ ነበር የሚል ነው። ቺፕ መንደፍ ከባድ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። አንድ ስሕተት ከተገኘበት ወራት ተመልሶ ይጀመራል። ነገር ግን በዚያው ዘመን፣ በዚያው አዲስ ቴክኖሎጂ፣ አቫሎን የተባለው የቻይናውያን ቡድን የመጀመሪያ ማሽኖቹን በ2013 ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ለገዢ አድርሷል። የስዊድኑ ኬኤንሲ ማይነር ደግሞ በ2013 አጋማሽ ላይ ሽያጭ ከፍቶ በኦክቶበር መላክ ጀምሯል። ይቻል ነበር ማለት ነው። ባይቻል እንኳ ቀኑን የቆረጠው ገዢው አልነበረም። ቺፑ የት እንደደረሰ የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው፤ የማያውቀውን ቀን ለገበያ ያቀረበ ሰው ቀኑ ሲያልፍ የቴክኖሎጂን አዲስነት ሊጠቅስ አይገባውም።

ሁለተኛው «ገዢው አደጋውን ያውቅ ነበር» የሚል ነው። ይህ ሁለት ዓይነት አደጋን አንድ አድርጎ ይቀላቅላል። የቢትኮይን ዋጋ ሊወድቅ እንደሚችል፣ ዲፊከልቲ ሊጨምር እንደሚችል ገዢው ያውቃል፤ ያንን በራሱ ትከሻ ሊሸከም ይገባል፤ ተሸክሟልም። ማሽኑ በስንት ቀን እንደሚደርስ፣ ስንት ዋት እንደሚበላ፣ ስንት ሀሽ እንደሚሠራ ግን የገበያ አደጋ አይደለም። እነዚህ ሻጩ በጽሑፍ የሰጣቸው ቃሎች ናቸው። በቴክሳስ የነበረው ኮይንቴራ በሰከንድ 2 ቴራሀሽ (2,000 ጊጋሀሽ) ብሎ የሸጠው ማሽን ሲወጣ ወደ 1.7 አካባቢ ሆኖ ተገኝቷል። ልዩነቱን ገበያው አላመጣውም።

ሦስተኛው ክርክር ከሁሉም ይጠነክራል። ቅድሚያ ክፍያ ባይኖር ኖሮ ቺፑ ጭራሽ አይሠራም ነበር፤ ለቺፕ ፋብሪካ የመጀመሪያውን ሚሊዮን ዶላር የሚከፍል ማን ነበር? እውነት ነው። ግን እውነትነቱ የሚያመጣውን ድምዳሜ ሻጮቹ አይወዱትም። ፋብሪካውን በገንዘቡ ያሠራው ሰው ገዢ አልነበረም ማለት ነው፤ አበዳሪ ወይም ባለ አክሲዮን ነበር። አበዳሪ ወለድና መያዣ ያገኛል፤ ባለ አክሲዮን ትርፍ ይካፈላል። ቅድሚያ ከፋዩ ግን ሁለቱንም አላገኘም። ኩባንያው ሲሳካለት እንደ ገዢ «ዕቃህን ውሰድ» ይባላል፤ ሲከስር ደግሞ መያዣ የሌለው ገንዘብ ጠያቂ ሆኖ ከሰልፉ ጭራ ይቆማል። ይህ የደረሰው በብዙ ሰው ላይ ነው። የካሊፎርኒያው ሀሽፋስት በ2013 ኦክቶበር አደርሳለሁ ያለውን ማሽን አዘግይቶ በ2014 ወደ ኪሳራ ፍርድ ቤት ገባ፤ ኮይንቴራ በ2015 ጃንዋሪ ተከተለ፤ ኬኤንሲ ማይነር እንኳ በ2016 ኪሳራ አወጀ። በሀሽፋስት ጉዳይ ብዙ ገዢዎች አንድ ቢትኮይን 100 ዶላር አካባቢ በነበረበት ወቅት በቢትኮይን ከፍለው ነበር። ገንዘብ ይመለስ ሲባል «በዶላር ነው ወይስ በቢትኮይን?» የሚል ሙግት ተነሣ። በመካከሉ የአንድ ቢትኮይን ዋጋ በብዙ እጥፍ አድጎ ነበር። መዘግየቱ ያመጣው ጣጣ ጊዜ ማባከን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ጥያቄ ባልተነሣም ነበር።

ያ የጅማሮ ዘመን ነው፣ ዛሬ ዘርፉ አድጓል፣ ትልልቅ ፋብሪካዎች አሉ የሚል ሰው እ.ኤ.አ. የ2020ን አጋማሽ ያስታውስ። በዓለም ትልቁ የማይኒንግ ማሽን አምራች በሆነው ቢትሜን ውስጥ በሁለቱ መሥራቾች፣ በጂሃን ዉ እና በሚክሪ ዣን፣ መካከል ጠብ ተነሥቶ የሼንዘኑን ፋብሪካ ለመቆጣጠር ተሻኮቱ። በጁንና በጁላይ ይላካሉ የተባሉ ማሽኖች በሦስት ወር ያህል እንደሚዘገዩ ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ አስታወቀ። በሜይ ወር ሽልማቱ ገና በግማሽ መቆረጡ ነበር። ከጁላይ መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ ድረስ ዲፊከልቲው ከ20 በመቶ በላይ ጨመረ። ሁለት ባለሀብቶች ስለ አንድ ፋብሪካ ሲጣሉ፣ በሌላ አህጉር ሙሉ ዋጋ የከፈለ ሰው ማሽን አንድ አምስተኛ ያህል ድርሻው በሳጥኑ ውስጥ እያለ ተቆረጠ።

በ2024 መገባደጃ ላይ ደግሞ የአሜሪካ ጉምሩክ የቢትሜን ማሽኖችን በየወደቡ መያዝ ጀመረ፤ ከፊሉ መለቀቁ የተሰማው በ2025 ማርች ገደማ ነው። ይህ የአምራቹ ጥፋት ነው ማለት አይቻል ይሆናል። ግን ኪሳራው የት ወደቀ? በዚህ ንግድ ዕቃው ከፋብሪካ በር ሲወጣ ኃላፊነቱ ወደ ገዢው ያልፋል የሚል ውል የተለመደ ነው። የመጋዘን ኪራዩም፣ የተሸረፈው ድርሻም ወደ አንድ ኪስ ይሄዳል።

የብልሽት ነገር ከመዘግየት ተለይቶ የሚታይ ሌላ ርእስ ይመስላል። አይደለም። ብልሽት ማለት ማሽኑ ከደረሰ በኋላ የሚመጣ መዘግየት ነው።

በ2019 ገበያ ላይ የዋለው የቢትሜን አንትማይነር ኤስ17 ቤተሰብ ለዚህ ይጠቀሳል። ማሽኑ ውስጥ ሀሽ ቦርድ የሚባሉ ሦስት ሰሌዳዎች አሉ፤ በኤስ17 እያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ 48 ቺፖች ተደርድረዋል። በየቺፑ ጀርባ ላይ ሙቀት የሚያወጣ ትንሽ የብረት ክንፍ፣ ሂት ሲንክ፣ በብየዳ ተለጥፏል። ማሽኑ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ፣ በመንገድም ሲንገጫገጭ፣ ብየዳው ይለቃል። ማሽኑን ከሳጥን ያወጣ ቴክኒሻን መጀመሪያ የሚያደርገው መሰካት አይደለም፤ በሁለት እጁ ይዞ ቀስ ብሎ ያነቃንቀዋል። ውስጡ ጸናጽል እንደያዘ ካንኳኳ አንዱ ክንፍ ወልቋል ማለት ነው፤ የወለቀው ብረት ሁለት መስመር አገናኝቶ ቢገኝ መብራት በተለቀቀ ቅጽበት ሰሌዳው ይቃጠላል።

ባያንኳኳም ገና አላለቀም። ቺፖቹ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ በአንድ ክር የተሰኩ ናቸው፤ ምልክቱ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ እየተላለፈ ይሄዳል። 48 ቺፕ ቆጠርኩ ሊል የሚገባው የማሽኑ መዝገብ (ሎግ) 17 ብሎ ቢቆም ቴክኒሻኑ 18ኛው አካባቢ መልቲሜትሩን ያሳርፋል። የብየዳ ፍላክስ ይቀባል፣ ሙቅ አየር ይነፋበታል፣ አሮጌውን ቺፕ ያነሣል፣ አዲሱን ያስቀምጣል፣ ማቀዝቀዣ ፔስቱን ቀብቶ ይገጥማል። የአንዱ ቺፕ ዋጋ ከማሽኑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ነገር ግን አንድ ቺፕ ሲሞት ሰሌዳው በሙሉ ይቆማል፣ የማሽኑ ሲሶ ይሄዳል። የዚህን ሞዴል ከፍተኛ የብልሽት መጠን በተመለከተ በ2020 ከብዙ አገር ትልልቅ ገዢዎች ቅሬታ ተሰምቷል፤ ከገዙት ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ተበላሸብን ያሉም ነበሩ።

«ዋስትና አለው» ይባላል። በዚህ ላይም የተለመደው አስተያየት ተሳስቷል። ዋስትናው የሚሸፍነው ሰሌዳውን ነው። የተበላሸው ሰሌዳ ተነቅሎ፣ ታሽጎ፣ ወደ ጥገና ማዕከል ተልኮ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ ተጠግኖ እስኪመለስ ድረስ ያሉትን ሳምንታት የሚሸፍን ዋስትና በተለመደው የሽያጭ ውል ውስጥ የለም። የመላኪያውንም ቢያንስ አንዱን ጉዞ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ገዢው ነው። ሰሌዳው ሲመለስ «እንደ አዲስ» ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ የሚሠራበት ዲፊከልቲ ግን የተላከበት ቀን ዲፊከልቲ አይደለም።

ነገሩ ኢትዮጵያን የሚነካው እዚህ ላይ ነው፤ በጣምም ይነካታል። ቻይና በ2021 ማይኒንግን ከከለከለች በኋላ ማሽኖቹ አገር ፍለጋ ተበተኑ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልም ከ20 በላይ ከሆኑ፣ አብዛኞቹ የቻይና ከሆኑ ኩባንያዎች ጋር የኃይል አቅርቦት ውል ተፈራረመ። የመብራቱ ዋጋ በኪሎዋት ሰዓት ከ3 የአሜሪካ ሳንቲም ብዙም የማይርቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባም፣ በውጭ ባሉ ኢትዮጵያውያን ባለሀብቶች ዘንድም አንድ እምነት ሥር ሰዷል፦ ርካሽ መብራት ካለ ሌላው ሁሉ ራሱን ይችላል። ማሽኑ አሮጌ ቢሆን፣ ቢዘገይ፣ አልፎ አልፎ ቢቆም፣ መብራቱ ያካክሰዋል ይባላል።

አያካክሰውም፤ ስሌቱ ቀላል ነው። አንትማይነር ኤስ21 የተባለው ማሽን 3,500 ዋት ገደማ ይበላል፤ በቀን 84 ኪሎዋት ሰዓት መሆኑ ነው። በ3 ሳንቲምና በ5 ሳንቲም መብራት መካከል ያለው ልዩነት ለአንድ ማሽን በቀን 1 ዶላር ከ68 ሳንቲም ነው። ያ ማሽን በ2025 መጀመሪያ አካባቢ በቀን የሚያስገባው ከ10 ዶላር ብዙ አይርቅም ነበር። መብራቱን ከፍሎ 7 ዶላር ከ50 ይተርፈዋል እንበል። ለ30 ቀን ቢቆም 225 ዶላር አጣ። ይህን ኪሳራ ርካሹ መብራት በሚያተርፈው 1 ዶላር ከ68 ለማካካስ 134 ቀን ያስፈልጋል። የአንድ ወር መቆም የአራት ወር ተኩል የርካሽ መብራት ጥቅም ይበላል። መብራቱን ያገኘ አገር ቀናቱን ካልጠበቀ ጥቅሙን ለሌላ አስረክቧል።

ከዚህ የሚከፋው፣ ርካሽ መብራት የሚስበው የትኛውን ማሽን እንደሆነ ሲታሰብ ነው። መብራት ውድ በሆነበት አገር ማትረፍ ያቃተው አሮጌ ማሽን ነው ዕድሜውን ሊያራዝም ወደ ርካሽ መብራት የሚሰደደው። አሜሪካ ውስጥ ሁለትና ሦስት ዓመት የሮጠ ማሽን ብየዳው ደክሟል፣ ማራገቢያው አልቋል፣ ፓወር ሰፕላዩ ስንት ጊዜ ግሏል። እንዲህ ያለው ማሽን ባሕር ተሻግሮ፣ በጅቡቲ አድርጎ፣ በከባድ መኪና ተጭኖ ሲመጣ መንገዱ ራሱ አንድ ፈተና ነው። ዋስትናውም አብዛኛውን ጊዜ ያለቀ ነው፤ ያላለቀለትም ሰሌዳውን ወደ ውጭ ልኮ መልሶ ለማስገባት ሁለት ጊዜ ጉምሩክ ማለፍ አለበት። ስለዚህ ብልሽትና መዘግየት በሌላ አገር ጎን የሚቆሙ ወጪዎች ከሆኑ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ዋናው የሒሳብ መስመር መሆን ነበረባቸው። ስለ ማይኒንግ በሚደረገው ክርክር ግን የሚሰማው የሜጋዋት ቁጥር ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በ2025 ለአዳዲስ ማይነሮች ኃይል መስጠት እንዳቆመ ከገለጸ ወዲህ ደግሞ የገቡት ማሽኖች እያንዳንዷን ቀን በአግባቡ መሥራታቸው ይበልጥ ሊያሳስብ ይገባል፤ የተሰጠው ኃይል ውስን ነው፣ በቆመ ማሽን ላይ የተመደበ ሜጋዋት ለማንም አልሆነም።

መፍትሔው አዲስ ጥበብ አይጠይቅም። የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ግዴታውን ያልፈጸመን ባለዕዳ በመደበኛው አካሄድ አስቀድሞ ማስጠንቀቅ እንደሚያስፈልግ ደንግጎ፣ በተቆረጠ ጊዜ ውስጥ ብቻ ሊፈጸም የሚገባው ነገር ጊዜው ካለፈ ግን ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም ይላል። ሕጉን ያረቀቁ ሰዎች ጊዜው ካለፈ ትርጉም የሚያጣ ዕቃ እንዳለ ያውቁ ነበር። የማይኒንግ ማሽን ውል የሚፈርም ድርጅት ይህን ተከትሎ ርክክቡን በተቆረጠ ቀን ላይ ማሰር፣ ገንዘቡን በባንክ በሦስተኛ ወገን እጅ ማስቀመጥ፣ የመዘግየት ካሳውንም በዲፊከልቲው ጭማሪ ልክ ማስላት ይችላል። ዲፊከልቲው ማንም ሰው ገብቶ የሚያየው ግልጽ ቁጥር ስለሆነ ክርክር አያስነሣም። በዋስትናው ላይ ደግሞ ከሰሌዳው ይልቅ የቆመበት ቀን ይቆጠር። መለዋወጫ ሰሌዳ አገር ውስጥ ይቀመጥ፤ የሚጠግን እጅም አገር ውስጥ ይሠልጥን። አንድ ሠልጣኝ መልቲሜትርና ሙቅ አየር ይዞ በአንድ ከሰዓት የሚመልሰውን ሰሌዳ ወደ ሼንዘን መላክ ሳምንታትን ማቃጠል ነው።

ሻጩ እንዲህ ያለ ውል አልፈርምም ሊል ይችላል። ይበል። ያን ጊዜ ገዢው አንድ ነገር አወቀ፦ ሻጩ ራሱ በተናገረው ቀን አያምንም።

ደረሰኙ ላይ ገንዘቡ የተከፈለበት ቀን ተጽፏል። ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ማሽኖች በጋራ የሚቆፍሩበት ፑል ላይ ገብቶ ሀሽ ማድረግ የጀመረበት ቀንና ሰዓትም በሎጉ ተመዝግቧል። በሁለቱ መካከል ያሉት ቀናት ዛሬ በማንም የሒሳብ መዝገብ ላይ የሉም፤ ከውል ቀኑ ያለፉት በሻጩ ስም እስኪመዘገቡ ድረስ ደግሞ ገዢዎች ፊርማቸውን ሊያኖሩ አይገባም።